የሚገዛው ዓሣው ሳይሆን ውሃው ነው
ለአኳሪየም ገዢዎችና ሻጮች፦ ከገንዳ ሥር የሚኖረው ትንሹ የአምባዛ ዘመድ ምን ይፈልጋል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተገዛ ዓሣ ቀጣዩን ቅዳሜ ሳያይ ቢሞት ገዢው ማንን ይወቅሳል? ሻጩን? ዓሣውን? ወይስ የራሱን ችኮላ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጥያቄ በራሱ ላይ ደርሶበታል። የመስተዋት ገንዳ፣ የአየር ፓምፕ፣ ባለቀለም ጠጠርና አሥራ ሁለት ትንንሽ ዓሦች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ደረሰኝ ገዛ። ማታውኑ ገንዳው ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ፤ ልጆች ከበቡት፤ ጎረቤትም አደነቀ። ማክሰኞ ዕለት ውሃው ደፈረሰ። ሐሙስ ስምንቱ ሞቱ። ቅዳሜ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ወደ ሱቁ ተመልሶ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ አጭር ነው፤ ‹‹ጋሼ፣ የዓሣ ነገር ዕድል ነው። ሌላ ላውጣልዎት?›› ሌላ ወጣለት። እነዚያም በሳምንታቸው አለቁ።

ነገሩ የዕድል አልነበረም። ዓሦቹን የገደላቸው ማንኛውም ሻጭ ሊያውቀው የሚገባ፣ ማንኛውም ገዢም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቀው የሚችል ምክንያት ነው። ‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› እንዲሉ፣ የገበያ ዓምዳችን በዚህ ሳምንት ይህንኑ ጉዳይ ይዞ ቀርቧል። አኳሪየም በሆቴል መቀበያ፣ በክሊኒክ መጠበቂያ ክፍልና በነጋዴ ሳሎን እንደ ዕቃ ይታያል፤ ነገር ግን እንደ ሶፋ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በየቀኑ የሚንቀሳቀስ፣ ሊተርፍም ሊከስርም የሚችል ትንሽ ድርጅት ነው ቢባል ይቀላል።

እዚህ ላይ አንድ የገበያ እውነት ልብ ሊባል ይገባል። ዓሣ በሞተ ቁጥር ለሻጩ ሁለተኛ ሽያጭ አለ። ስለዚህ ዓሣው እንዲኖር አጥብቆ የሚፈልገው ወገን ገዢው ነው። ጠንቅቆ ማወቅም ያለበት እርሱው ነው። በሌላ በኩል ሦስት ጊዜ ገዝቶ ሦስት ጊዜ የቀበረ ደንበኛ ገንዳውን ባዶውን ሰገነት ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ አራተኛ ጊዜ አይመለስም። አርቆ ለሚያስብ ሻጭም ቢሆን የሞተ ዓሣ ኪሳራ ነው።

ይህ ዓሣ ማነው?

በአኳሪየም ገበያ ‹‹ኮሪዶራስ›› ወይም ባጭሩ ‹‹ኮሪ›› የሚባለው ዓሣ በሐይቆቻችን የምናውቀው የአምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ሲያድግ ኮሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። በአፉ ዙሪያ ጢም አለው። በዚህ ጢም አሸዋውን እየዳሰሰ ምግቡን ይፈልጋል። አካሉ በተራ ቅርፊት ሳይሆን ጎን ለጎን በተደረደሩ ሁለት ረድፍ የአጥንት ጋሻዎች የተሸፈነ ነው። ስያሜውም ከዚህ የመጣ ነው፤ በግሪክ ‹‹ኮሪስ›› የራስ ቁር፣ ‹‹ዶራስ›› ደግሞ ቆዳ ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1803 ያወጣለት ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድ ነው።

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በአማዞን፣ በኦሪኖኮና በፓራና ወንዞችና ገባሮቻቸው፣ አሸዋማና ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ በመንጋ ይኖራል። በስፋት ከሚሸጡት አንዱ የሆነው ነጠብጣቡ ኮሪ /ፓሊያተስ/ ለሳይንስ የተገለጸው ቻርለስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው በሰበሰባቸው ናሙናዎች አማካይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ነው።

ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚያገናኙ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንቲስቶች ይህን ሰፊ ወገን በመከፋፈላቸው በርካታ ዓሦች የሳይንስ ስማቸው ተቀይሯል። ነጠብጣቡ ኮሪ ‹‹ሆፕሊሶማ ፓሊያተም››፣ የነሐስ ቀለሙ ኮሪ ደግሞ ‹‹ኦስቲዮጋስተር ኤኒያ›› ተብለዋል። በዋጋ ዝርዝሮች ላይ ግን የድሮው ስም አሁንም ስለሚጻፍ፣ አንዱ ዓሣ በሁለት ስም ሁለት ዓሣ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። አዲስ ስም ስለያዘ ብቻ የዋጋ ጭማሪ ከተጠየቀ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከወንዝ ወይስ ከእርባታ?

በዓለም የጌጥ ዓሣ ንግድ ውስጥ ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ከወንዝ የሚጠመድ ነው። በብራዚል ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ያለችው የባርሴሎስ ከተማ ለብዙ ዘመን በዚህ ንግድ ስትተዳደር ኖራለች። ሁለተኛው በሰው የተራባ ሲሆን፣ በምሥራቅ እስያ፣ በቼክ ሪፐብሊክና በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ያሉ እርባታዎች ገበያውን ይመግባሉ። ሲንጋፖር ደግሞ ዋና መሸጋገሪያ ናት። በእስያ እርባታዎች ዓሣው በርካሽ መመረት ሲጀምር የባርሴሎስ አጥማጆች ገበያቸው እንደተሸረሸረ ይታወቃል።

ለገዢው ይህ ምን ማለት ነው? ነጠብጣቡ ኮሪ፣ የነሐሱ ኮሪና ስተርባይ የተባለው ኮሪ ገበያ ላይ ሲገኙ በአብዛኛው በእርባታ የተወለዱ ናቸው። የእርባታ ዓሣ ከገንዳ ሕይወት፣ ከደረቅ ምግብና ማዕድን ካለበት የቧንቧ ውሃ ጋር የለመደ ነው። ከወንዝ የተጠመደው ግን ለስላሳና አሲድነት ያለው ውሃ የለመደ፣ በጉዞ የተጎሳቆለ፣ አንዳንዴም ተባይ የተሸከመ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ የእርባታው ዓሣ ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል።

ለየትኛው ከተማ የትኛው ዓሣ?

በአገራችን ገዢዎች ዘንድ በብዛት የሚዘነጋው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው የሚመርጠው በቀለም ነው። መመረጥ ያለበት ግን በሙቀት ነው።

ነጠብጣቡ ኮሪ የመጣው ከደቡብ ብራዚል፣ ከኡራጓይና ከአርጀንቲና፣ ቅዝቃዜ ካለበት አካባቢ ነው። ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። የነሐሱ ኮሪ ከ22 እስከ 26፣ ስተርባይ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። እንግዲህ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በጎንደር ቤት ውስጥ ሌሊቱን ውሃው ይቀዘቅዛል። በእነዚህ ከተሞች ስተርባይን የገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ ለማሞቂያ መክፈል አለበት። መብራት በጠፋበት ሌሊትም ዓሣውን ለአደጋ ያጋልጣል። ነጠብጣቡን የገዛ ግን ማሞቂያውን ለክረምት ሌሊት መጠባበቂያ ብቻ ያደርገዋል። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በሰመራ ያለ ገዢ ደግሞ ተቃራኒውን ያስብ፤ እዚያ ስተርባይ ይኖራል፣ ነጠብጣቡ ይታፈናል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ባለ 50 ዋት ማሞቂያ በቀን በድምሩ 12 ሰዓት ቢሠራ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 3 ዋት የአየር ፓምፕ ቀንና ሌሊት ቢሠራ ግን በወር ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ የመብራት ሒሳቡን የሚያንረው ፓምፑ ሳይሆን ማሞቂያው ነው። ለአገሩ አየር የሚስማማ ዓሣ የመረጠ ገዢ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ቆጥቧል ማለት ነው።

ገንዳው፦ ቁመት ሳይሆን ስፋት

ኮሪ ከሥር የሚኖር ዓሣ እንደመሆኑ የሚያስፈልገው የወለል ስፋት ነው። ረጅምና ጠባብ ገንዳ ለዓይን ያምራል፤ ለዚህ ዓሣ ግን ፎቁ ብዙ፣ ግቢው ጠባብ እንደሆነ ቤት ነው። ለስድስት ኮሪዎች 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 36 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ገንዳ መነሻ ይሆናል። ከዚህ የሚተልቅ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ብዙ ውሃ ቶሎ አይበላሽም።

ከስድስት በታች መግዛት አይመከርም። ኮሪ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ሲቀመጥ ይፈራል፣ ይደበቃል፣ መብላትም ይተዋል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከመሰብሰብ ከአንዱ ዓይነት ስድስት መያዝ ለዓሣውም ይበጃል፣ ለተመልካችም ያምራል።

ከውጭ የሚገባ ገንዳ፣ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ኪስ የሚነካ ነው። የመስተዋት ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ይህን ልክ እዚሁ ሊሠራው ይችላል። ለተጠቀሰው መጠን 6 ሚሊ ሜትር፣ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት ይጠየቅ። ዋናው ጥንቃቄ ማጣበቂያው ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ ያለበት ሲሊኮን ዓሣ ይመርዛል፤ ምንም መድኃኒት ያልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊኮን ያስፈልጋል። የኮምጣጤ የሚመስለው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ይቆይ። ከዚያም ውሃ ሞልቶ ሁለት ቀን መፈተሽና ያንን ውሃ መድፋት ነው።

ክብደቱም ይታሰብበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከላይ የጠቀስነው ትንሹ ገንዳ ከነመስተዋቱ፣ ከነአሸዋውና ከነውሃው ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። ባለ 120 ሴንቲ ሜትሩ፣ ወርዱ 40 ከሆነ፣ ከ250 ኪሎ ግራም ይበልጣል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም። ከገንዳው ሥር ስስ ስፖንጅ ቢነጠፍ መስተዋቱ ነጥብ ላይ ተጭኖ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት አጠገብም አይቀመጥ፤ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል።

ውሃው እስከ አፉ አይሞላም። ኮሪ በስንጥቡ ብቻ ሳይሆን በአንጀቱም የሚተነፍስ ዓሣ ነው። አልፎ አልፎ ተወርውሮ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርስና ይመለሳል። በውሃውና በክዳኑ መካከል አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተውለት። ክዳን ግን ይኑር፤ ሲወረወር ውጭ ወድቆ የሚገኝ ብዙ ነው።

አሸዋው፦ ቀለሙ ሳይሆን ልስላሴው

ባለቀለም ስለታም ጠጠር ለሻጭ ትርፍ፣ ለኮሪ ጉዳት ነው። ኮሪ አፉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ምግቡን ያበጥራል፤ አሸዋውን በስንጥቡ መልሶ ያስወጣል። ጠጠሩ ስለታም ሲሆን ጢሙ ይቆሳስላል። በጠጠሩ መካከል የተቀበረው የምግብ ትራፊ ሲበሰብስ ደግሞ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ጢሙም አልቆ ይጠፋል። ‹‹ዓሣ ግማቱ ከአናቱ›› ይባላል፤ በአኳሪየም ግን ግማቱ የሚጀምረው ከሥር ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በወንዝ የተሞረደ ደቃቅ አሸዋ ከግንባታ ዕቃ አቅራቢ ይገኛል። በባልዲ እያደረጉ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ማጠብ ነው። ኖራ የተቀላቀለበት አለመሆኑን ለማየት ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ከሠራ ኖራ አለበትና ይተዉት። ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ለመደበቂያ እንጨት፣ ለስላሳ ድንጋይ ወይም አፉ ያልሾለ የሸክላ ስባሪ ይጨመር።

ስድስቱ ሳምንታት

አሁን ወደ ዋናው ኪሳራ እንመለስ። በመግቢያችን የጠቀስናቸውን ዓሦች የገደላቸው ምን ነበር?

ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ የተባለ መርዝ ወደ ውሃው ይለቃል። በወንዝ ውስጥ ይህ ታጥቦ ይሄዳል፤ በገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። አሞኒያና ናይትራይት በጥቂቱም ቢሆን ይገድላሉ። ናይትሬት ግን በጣም ካልበዛ አይጎዳም፤ ውሃ በመቀየር ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ ተባዝተው ሥራቸውን እስኪረከቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። አዲስ ገንዳ ማለት እንግዲህ የፍሳሽ መስመር ያልተዘረጋለት ቤት ነው። ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን የሸጠ ሰው፣ ዓሦቹን በራሳቸው ቆሻሻ ውስጥ ቆልፎ ሸጧል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ገንዳው ተዘጋጅቶ ማጣሪያው ይነሣ። ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበት፤ ምግቡ በስብሶ አሞኒያ ይሰጣል፣ ባክቴሪያውም በዚያ ይራባል። የውሃ መፈተሻ ኪት ይገዛ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ደግሞ መታየት ሲጀምር ገንዳው ዓሣ ለመቀበል ደርሷል። ጊዜውን የሚያሳጥር አንድ መንገድ አለ፤ ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካለዎት ከማጣሪያው ያደፈ ስፖንጅ ቆርሰው ይውሰዱ። ለዓይን ቆሻሻ ይምሰል እንጂ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ዓሦቹም በአንድ ጊዜ አይገቡ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ይሁን።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በቀጥታ አይገባም። ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይገድላል። በፕላስቲክ በርሜል ወይም ባልዲ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ በተለይ የአየር ፓምፕ እየሠራበት፣ ሲቆይ ክሎሪኑ ይበናል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኙ ቤቶች ውሃ ማጠራቀም ስለለመዱ በዚህ ረገድ ተጠቃሚ ናቸው ማለት ይቻላል። ማጠራቀሚያው ግን ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ አይሁን፤ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ ሩቡን ያህል መቀየር፣ አሸዋውንም በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ያስፈልጋል። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ይጨመቅ። በቧንቧ ያጠበው ሰው የስድስት ሳምንት ልፋቱን አፍስሷል።

መብራት ሲጠፋ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መጻሕፍት ‹‹ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል›› የሚለው ቁጥር የእኛን ደጋ አገር አያውቅም። ለደጋ ከተማ ነዋሪ ሁለት ሕጎች ይበቃሉ፦ ዓሣ ይቀነስ፣ አየር ይጨመር።

ለዚህ ዓሣ ከማጣሪያ ሁሉ የሚስማማው በአየር ፓምፕ የሚሠራው የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ በቀላሉ አይበላሽም፣ ውሃውን ያጣራል፣ አየርም ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሊቀጥል ይችላል። ዝግ ቆርቆሮ የሚመስለው ትልቁ ማጣሪያ ግን ለብዙ ሰዓታት ሲቆም በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን አጥተው ይሞታሉ። መብራት ሲመጣ ያንን የተበላሸ ውሃ ወደ ገንዳው ይረጨዋል። ረጅም መቋረጥ ከገጠመ ከማስነሣቱ በፊት ከፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ዓሣ አይመገብ፤ ገንዳውም በብርድ ልብስ ይጠቅለል፣ ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ይተውለት።

ኮሪ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መጉረሱ ጤንነት ነው። ደቂቃ ሳይቆይ የሚመላለስ ከሆነ ግን ውሃው እንደተበላሸ እየነገረዎት ነው። ያን ጊዜ ከመድኃኒት በፊት ውሃ ይቀየር።

‹‹ጽዳት ሠራተኛ›› የሚባለው ውሸት

በየሱቁ የሚነገር አንድ ማስታወቂያ አለ፤ ‹‹ይሄ ጽዳት ሠራተኛው ነው፣ የሌሎቹን ቆሻሻ እየበላ ያድራል፣ የራሱ ምግብ አያስፈልገውም።›› ይህ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ኮሪ የዓሣ ኩስ አይበላም፤ መስተዋት ላይ የበቀለ አረንጓዴም አይልስም። በተፈጥሮው ትንንሽ ትልና ነፍሳት ይበላል። ላይ ላይ የሚንሳፈፍ ምግብ ብቻ የሚሰጥበት ገንዳ ውስጥ ቀስ በቀስ ከስቶ ይሞታል፤ ባለቤቱም በምን እንደሞተ ሳያውቅ ይቀራል። ወደ ሥር የሚሰምጥ እንክብል በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ሊሰጠው ይገባል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልተበላው ይነሣ። ጽዳት ሠራተኛው፣ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ነዎት።

ሱቅ ሲገቡ

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ይመልከቱ፦

- ጢሙ ሙሉ ነው ወይስ ያለቀ? ሆዱስ ሞላ ያለ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ?
- በዚያው ገንዳ ውስጥ የሞተ ዓሣ ካለ ጤነኛ የሚመስለውንም አይግዙ።
- ከመጣ ስንት ቀኑ ነው? ትናንት የገባ ዓሣ የጉዞው ጉዳት ገና አልታየበትም። አንድ ሳምንት ቆይቶ የተረፈውን መግዛት ይሻላል።
- ሻጩ ፊትዎ እንዲመግበው ይጠይቁ። የማይበላ ዓሣ አይገዛም።
- ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ያለው ኮሪ ከቀረበልዎ ይጠርጥሩ። ነጩ ኮሪ በመርፌ ቀለም እየተወጋ የሚሸጥበት አሠራር በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ቀለሙ ይጠፋል፤ ዓሣው ብዙ ጊዜ ይቀድመዋል።
- ኮሪ በክንፎቹ ላይ የሚቆለፍ እሾህ ስላለው ከረጢት ይበሳል። በድርብ ከረጢት ይታሰርልዎ። በመረብ ከተጠላለፈ አይጎተት፤ በዕቃ ይቀዳ።

ቤት ሲደርሱ ከረጢቱን ገንዳው ላይ አንሳፍፈው ሙቀቱ እኩል እስኪሆን ይጠብቁ። ከዚያም ከገንዳው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩበት። በመጨረሻ ዓሣውን ብቻ ያስገቡ፤ የሱቁን ውሃ ይድፉት።

ትርፍ ለሚያስቡ

‹‹ታዲያ አራብቼ ብሸጠውስ?›› የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ነጠብጣቡና የነሐሱ ኮሪ በቤት ውስጥ ከሚራቡት ዓሦች መካከል ናቸው። ሴቷ ከላይ ስትታይ ሰፊ ናት። በደንብ የተመገቡ ዓሦች ውሃቸው ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ሲቀየር ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል፣ እንቁላልም ይጥላሉ። እንቁላሉ መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል፣ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ገደማም ይፈለፈላል። ወላጆቹ እንቁላሉን ስለሚበሉት ወደ ሌላ ዕቃ መዛወር አለበት።

እስከዚህ ቀላል ነው። ከባዱ ጫጩቶቹን ማሳደጉ ነው። ለዓይን የሚያስቸግሩ ፍጥረቶች ሕያው ምግብና በየቀኑ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ። ለሽያጭ እስኪደርሱም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ቶሎ ገንዘብ የሚመልስ ሥራ አይደለም። ትዕግሥት ላለው ግን ከውጭ በአውሮፕላን መጥቶ ከሚጎሳቆለው ዓሣ ይልቅ እዚሁ ተወልዶ የከተማውን ውሃ የለመደ ዓሣ ጥራቱ በራሱ ይመሰክርለታል። ያን ዓሣ የሚሸጥ ሰው ‹‹ዕድል ነው›› ማለት አያስፈልገውም።

በመጨረሻም አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለ። የሰለቸ ዓሣ ወይም የአኳሪየም ተክል ወደ ወንዝ፣ ወደ ግድብም ሆነ ወደ ሐይቅ አይጣልም። ጣና ሐይቅን ያስጨነቀው እምቦጭ የትውልድ አገሩ የኮሪው አገር፣ ደቡብ አሜሪካ ነው። በአበባው ውበት እንደ ጌጥ ተክል በዓለም ከተሠራጨ በኋላ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ። ከዚያ ወዲህ የባከነውን ጉልበት የአካባቢው ገበሬና አጥማጅ ያውቀዋል። የማይፈለግ ዓሣ ለሌላ ባለ ገንዳ ይሰጥ ወይም ለሱቅ ይመለስ።

በደንብ የተያዘ ኮሪ ከአምስት ዓመት በላይ፣ አንዳንዱም እስከ አሥር ዓመት ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሦስተኛውን ሙከራ የጀመረው ባዶ ገንዳ ላይ በየማለዳው ቁንጥር ምግብ እየጣለ ነበር። ‹‹ውሃ ትቀልባለህ እንዴ?›› እያሉ ቤተሰብ ሁሉ ሳቁበት። አዎን፣ ውሃ ነበር የሚቀለበው። በሰባተኛው ሳምንት ስድስት ነጠብጣብ ኮሪዎች ገቡ። ዛሬም ስድስቱም አሉ፤ ማታ ማታ ጢማቸውን አሸዋ ውስጥ ቀብረው እራታቸውን ይፈልጋሉ። የሁለቱ ያልተሳኩ ግዢዎች ገንዘብ ተመልሶ አልመጣም። ይህን ያነበበ ገዢ ግን በራሱ ኪስ መማር አያሻውም።